ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ በራሱ ይጠፋብኛል፣ ዋይፋዩም ይቆራረጣል። መላ በሉኝ

ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። አሁን ደግሞ ወቅቱ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እጄ ከኪቦርድ አይነሳም። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ወርጄ "ስላይትሊ" (ትንሽ ያገለገለ) የሚሉትን ዴስክቶፕ በ14 ሺህ ብር ገዛሁ። ኮር አይ 5 3470 ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 10። ዋይፋይ ስለሌለው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽዬ ዶንግል ገዝቼ ሰካሁበት።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ድርግም ይልና መልሶ ይነሳል። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ የሚልበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው ዋይፋዩ ነው። ስልኬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቴሌግራም እንደ ልብ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይይዛል፣ ይለቃል። ፋይል ልኬ "ደረሰሽ?" ብዬ ስጠይቅ ገና ግማሹ ላይ ቆሟል።

ለሻጩ ደወልኩለት። "ፎርማት አስደርጊው" አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደረግሁት። ያው ነው።

ቅዳሜ ዕለት አንዲት ተማሪ ምዕራፍ አራቷን ይዛ መጣች። ሠንጠረዦቿን ሳስገባላት አርባ ደቂቃ ከሠራሁ በኋላ ድርግም አለ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ምንም አላለችኝም። ጥቁሩን ስክሪን ዝም ብላ አየችው። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።


አቧራ ጠራጊ
ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ማታ 3፡48

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎኑን ክፈቺና ውስጡን እዪው። የዚህ ዘመን ማሽን ከወጣ ከ12 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ይሆናል። አቧራው ደግሞ አየር ማለፊያውን ይደፍነዋል። ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልቻለ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ከሶኬት ንቀዪው። ንጹሕ የቀለም ብሩሽ ውሰጂና ጥረጊው። በነፊ የምትነፊው ከሆነ ፋኑን በጣትሽ ያዢው፤ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ይበላሻል። አሮጌውን ፔስት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጠርጊ። አዲሱን መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ። ሲበዛ ይጠቅማል የሚሉሽን አትስሚ።


ጀማሪ ነኝ
ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ማታ 4፡05

ዊንዶውስ 11 ቢጫንበትስ? ዊንዶውስ 10 ሊቆም ነው ይላሉ።


የድሮ ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ጠዋት 1፡30

ለጀማሪው ወንድማችን፦ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ የሚያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025። እሱ እውነት ነው። ዊንዶውስ 11 ግን ከኢንቴል 8ኛው ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ይህ 3ኛው ትውልድ ነው። በጓሮ በር የሚጭኑት አሉ። እኔ ግን የታመመ ማሽን ላይ አዲስ ነገር አልጭንም። መጀመሪያ ይዳን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። ከዚህ በኋላ ፎርማት አታስደርጊው። ሁለት ጊዜ ተደርጎ ያው ከሆነ በሽታው ዊንዶውሱ ላይ አይደለም፤ ዕቃው ላይ ነው።

በ30 ዓመት ሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው "ኮምፒውተሬ ይጠፋል" ብሎ ሲመጣ አንድ በሽታ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነው፣ ተደራርቦ። አንዱን ስትጠግኚ ሌላው ስለሚቀጥል "ጥገናው አልሠራም" ትያለሽ። የሠራውንም መልሰሽ ታፈርሺዋለሽ። አንቺም "ድርግም ይላል"፣ "ሰማያዊ ያመጣል"፣ "ቀጥ ይላል" ብለሻል። እነዚህን ለየብቻ እንያቸው።

ደብተር አውጪ። በጠፋ ቁጥር አራት ነገር ጻፊ። ሰዓቱን። ምን እየሠራሽ እንደነበር። ስክሪኑ ላይ ምን እንዳየሽ። ያኔ ምን ምን እንደተሰካ። ብሉ ስክሪኑ ቶሎ እንዳያመልጥሽ፣ ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ግቢና "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለውን ምልክት አንሺው። እስክታነቢው ቆሞ ይጠብቅሻል።

በተጨማሪ ኢቨንት ቪወርን፣ ዊንዶውሱ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ክፈቺ። ሲስተም የሚለው ውስጥ "ከርነል ፓወር 41" የሚል ቀይ ምልክት ታገኛለሽ። ብዙ ሰው እሱን ሲያይ ይደነግጣል። ትርጉሙ "በወጉ ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት" ማለት ብቻ ነው። ዋናው ዲቴይልስ ውስጥ ያለው የስህተት ቁጥር፣ "ባግቼክ ኮድ" (BugcheckCode) የሚለው ነው። 0 ከሆነ ዊንዶውሱ ስህተቱን ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ወይ ኃይል ተቋርጦበታል ወይ ደርቆ ቀርቷል። ሌላ ቁጥር ካለው ብሉ ስክሪን ነበር።

የአቧራውን ምክር ተቀበዪ፤ ጥሩ ነው። ግን ሌላ ነገር አብረሽ እንዳትቀይሪ። አንድ ነገር ቀይሪ፣ አንድ ቀን ጠብቂ።


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 2፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ማክሰኞ ከፈትኩት። አቧራው ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ እንደ ጥጥ ተነጥፏል። ፔስቱ ደርቆ ኖራ መስሏል፤ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ጠርጌ አዲስ ቀባሁበት። በፊት ሥራ ሲበዛበት 88 ዲግሪ የሚያሳየው አሁን 61 ነው። የፋኑ ጩኸትም ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ። ግን ረቡዕ ጠዋት እንደገና ድርግም አለ። ያኔ ደብተሩን ባልያዝ ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር።

ከረቡዕ እስከ ዛሬ 11 ጊዜ ሆኗል። 6ቱ ድርግም ብሎ የተነሳበት ነው፤ ኮዱ ሁሉም ላይ 0። 4ቱ ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ ሁለቱ ላይ "ሜሞሪ ማኔጅመንት"፣ አንዱ ላይ "ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ"፣ አንዱ ላይ ደግሞ አይ አር ኪው የሚል ረጅም ስም ነበር። አንዴ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ድርግም ያለባቸው 6ቱም ጊዜ ፕሪንት አዝዤ ነበር። ስድስቱም! ሁልጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ወረቀት ከመውጣቱ በፊት ነው። ሰማያዊው ግን ጊዜ አይመርጥም።


የድሮ ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 2፡41

ጎበዝ ልጅ! ግማሹን ሥራ ጨረስሽው።

ፕሪንተርሽ ሌዘር ነው አይደል? ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ነው የተሰካው?


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 2፡50

አዎ ጋሼ፣ ሌዘር ነው። ሁሉም አንድ ዲቫይደር ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ብቻ ነው ለብቻው።


የድሮ ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 3፡15

እንግዲያው ስሚኝ። ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ፊውዘር የሚባል ክፍል አለ። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቀው እሱ ነው። ተኝቶ ሲነሳ ይህን ክፍል ለማጋል በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ እንደ ካውያ አስቢው። ሽቦው ቀጭን ከሆነ፣ ዲቫይደሩም ርካሽ ከሆነ፣ ለቅጽበት ቮልቴጁ ይወርዳል። መብራቱ ብልጭ ሲል አይተሽ ይሆናል።

ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚቀይረው ክፍል፣ እንዲህ ያለውን ቅጽበት ይችለዋል። ውስጡ ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አሉ። ያንቺ ግን አርጅቷል፣ ካፓሲተሮቹም ደክመዋል። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ሥራውን ይለቃል። ያ ነው ድርግሙ።

ወጪ የለውም፣ ነገ ሞክሪው። ፕሪንተሩን ከዲቫይደሩ ነቅለሽ ግድግዳው ላይ ሌላ ሶኬት ውስጥ ስኪው። ዲቫይደሩንም ገልብጠሽ እዪው።


ልጅ ከሜሪላንድ
እሑድ፣ ግንቦት 10፣ ለሊት 8፡30

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ስለ ፓወር ሰፕላይ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዕቃ ለቤተሰብ ለሚልኩ። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። አንዳንድ የድሮ ዴስክቶፕ ከኋላው ትንሽ ቀይ ማርሽ (መቀያየሪያ) አለችው፤ 115 እና 230 የሚል ተጽፎባታል። ለእህቴ ማርሿን ሳላዞር ኮምፒውተር ላክሁ። ሰኩት፣ ተኩሶ ጭስ ወጣው። ፓወር ሰፕላዩ እዚያው አለቀ። ራሱ የሚለይም አለ፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ።


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ማታ 1፡55

ዲቫይደሩን ስገለብጠው ደነገጥኩ። ፕሪንተሩ የተሰካበት ቀዳዳ ዙሪያው ጠቁሮ ላስቲኩ ተጨማዷል። ስነካው ውስጡ ያለው ብረት ይወዛወዛል። ሱቄ ውስጥ እስከ ጣሪያ ወረቀት ነው። ያን ቀን ባልገለብጠው ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። አውጥቼ ጣልኩት። መብራት ሠሪ ጠርቼ ለፕሪንተሩ የብቻው ሶኬት አስደረግሁለት።

ከዚያ ወዲህ ከ140 ገጽ በላይ አተምኩ። አንዴም ድርግም አላለም!

ሰማያዊው ግን አሁንም አለ። ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ አንድ ጊዜ።


አቧራ ጠራጊ
ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ማታ 2፡20

ፓወሩ ከተለየ የቀረው ራሙ ነው። "ሜሞሪ ማኔጅመንት" ሁለት ጊዜ፣ "ፔጅ ፎልት" አንዴ፣ ስሙም እየተለዋወጠ። ራም ሲበላሽ እንዲህ ነው፤ ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ። ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ቢሆን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስም ይደጋግማል።

ሁለቱንም አውጪያቸው። ከታች ወርቃማ ጥርስ አላቸው። እሱን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊው፣ ፍርፋሪውን ጥረጊው፣ መልሰሽ ጫኚው፤ ሁለቱም ጎን "ቀጭ" እስኪል። እኔ ጋ በዚህ ብቻ የዳነ ማሽን ብዙ ነው።


የድሮ ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ማታ 2፡58

በላጲሱ እስማማለሁ። ግን "ዳነ" የሚባለው ሲፈተን ነው እንጂ አንድ ቀን ሳይጠፋ ስለዋለ አይደለም። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባል ነጻ መፈተሻ አለ። ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ በፍላሹ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ሳይገባ ራሙን ብቻውን ይመረምረዋል። ማታ ሱቅ ስትዘጊ አስነሺውና ይደር። ጠዋት አንድ ቀይ መስመር ካየሽ ራሙ ወይም መሰኪያው ተበላሽቷል። "አንድ ብቻ ነው" ተብሎ አይታለፍም። የጤነኛ ራም ስህተት ቁጥሩ 0 ነው።

ቀይ ካየሽ አንድ አንዱን ለየብቻ ፈትኚው። ስህተት ያለበትን ስታገኚ ሌላ መሰኪያ ላይ አድርገሽ ድገሚው። ስህተቱ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙ ነው። መሰኪያው ጋ ከቀረ ማዘርቦርዱ ነው።


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ዓርብ፣ ግንቦት 15፣ ጠዋት 2፡15

ረቡዕ ማታ በላጲስ ጠርጌ አሳደርኩት። ትናንት ጠዋት በሩን ስከፍት ስክሪኑ በቀይ ተሞልቷል። ሱቁ ገና ጨለማ ነበር፣ ቀዩ ግድግዳው ላይ ያበራል።

ትናንት ምሳ ሰዓትና ማታ ለየብቻ ፈተንኳቸው። ሁለቱ ራሞች የአንድ ፋብሪካ አይደሉም፤ አንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ። አረንጓዴው ንጹሕ ነው። ሰማያዊው አስር ደቂቃ ሳይሞላው ቀይ አመጣ። መሰኪያ ቀየርኩለት፣ ያው ቀይ። ራሙ ነው ጋሼ!

አውጥቼው በ4 ጊጋ እየሠራሁ ነው። ትንሽ ያዘግማል፣ ግን አልጠፋም። ለሻጩ የቀዩን ስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለት። ሳይከራከር "በመኪና ላኪው፣ እቀይርልሻለሁ" አለኝ።


የድሮ ጠጋኝ
ዓርብ፣ ግንቦት 15፣ ጠዋት 3፡02

ደስ ይላል። ምትኩ ሲመጣ ለዴስክቶፕ የሚሆነው፣ ዲዲአር 3 የሚባለው ረጅሙ የራም ዓይነት መሆኑን እዪ፤ አጭሩ የላፕቶፕ ነው። እሱንም ሌሊቱን ሳትፈትኚ እንዳትሠሪበት።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። የተበላሸ ራም ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይደለም የሚያደርገው። የምታስቀምጪውን ፋይልም ሳያሳውቅሽ ሊያበላሽ ይችላል። ማሽኑን ከገዛሽ ወዲህ የሠራሻቸውን ጽሑፎች እያንዳንዳቸውን ክፈቺና እስከ መጨረሻው ገጽ እያቸው። ሠንጠረዥና ሥዕል ያለበትን በተለይ። ተማሪዎቹ ከማስረከባቸው በፊት ይሁን።

ዊንዶውሱም የተጫነው በዚያው ራም ነው። ስለዚህ ሲስተም ፋይሎቹን የሚፈትሸውን ኤስ ኤፍ ሲ ስካን ናው (sfc /scannow) የሚባል ትእዛዝ አንድ ጊዜ አስኪጂው። ዎርድ ላይ ደግሞ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ውስጥ ግቢና በየ10 ደቂቃው የሚለውን አውቶ ሪከቨር (ጽሑፉን በራሱ የሚያስቀምጠውን) ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። የቅዳሜዋን ልጅ ምዕራፍ ዎርድ ላይ "ፋይል"፣ ከዚያ "ኢንፎ" ገብተሽ "ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ" ውስጥ ፈልገሽ ነበር?


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ዓርብ፣ ግንቦት 15፣ ምሳ ሰዓት

እዚያ የለም። ከዚያ ወዲህ ፎርማት ተደርጓል። ልጅቷን ግን እሑድ ጠርቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ያለ ክፍያ ሠራሁላት።

ፋይሎቹን ማየት ጀምሬያለሁ። ከ23 ጽሑፍ ሁለቱ አልከፈትም አሉ። ባለቤቶቹን አሁኑኑ ልደውልላቸው ነው። ሳይነግሩኝ ቢሆን ኖሮ የማስረከቢያው ቀን ላይ ነበር የሚያውቁት።


የኬብል ልጅ
ዓርብ፣ ግንቦት 15፣ ማታ 1፡10

ስለ ዋይፋዩ ማንም አልጠየቀሽም፤ እኔ ልግባበት። ጋሼ እንዳሉት እሱም አንድ ላይሆን ይችላል። ሲበላሽ እነዚህን እዪልኝ። የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል ወይስ "ተገናኝቷል" እያለ ገጹ ብቻ ነው የማይከፍተው? ያኔ ምን እየሠራሽ ነበር? ምን ተሰክቷል? ደግሞ ወደ ራውተሩ ፒንግ አድርጊ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቂያ ነው)፤ ብዙ ጊዜ አድራሻው 192.168.1.1 ነው። ራውተሩ እየመለሰልሽ ገጽ ካልከፈተ ዋይፋዩ አይደለም። ራውተሩም ካልመለሰ በአንቺና በእሱ መሐል ነው።


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ማታ 2፡30

ወንድሜ፣ ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ጠዋት ጠዋት ነው። ማታ ሁሉን ነቅዬ ነው የምሄደው። ጠዋት ሳስነሳው "ተገናኝቷል" ይላል፣ ፒንጉም ይመልሳል። ገጽ ስከፍት ግን "ግንኙነትዎ የግል አይደለም" ይለኛል። ቴሌግራሙም "ኮኔክቲንግ" እንዳለ ይቀራል። ሰዓቱም ሁልጊዜ ይዛባል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስተካክለው። በኋላ ላይ አንዳንዴ ራሱ ይስተካከልና ይሠራል።

ሁለተኛው ማታ ነው። የቀኑን ሥራ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል፣ ፒንጉም ይቆማል። ግልበጣው ሲያልቅ ይመለሳል።

ራውተሩ የአከራዬ ነው። በእኔ ሱቅና በእነሱ ሳሎን መሐል ያለው በቆርቆሮ የተከለለ ነው።


የኬብል ልጅ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ማታ 3፡05

ሰዓቱን ስታስተካክዪ ዓመቱን ስንት ነው የምትሞዪው?


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ማታ 3፡08

2017


የኬብል ልጅ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ማታ 3፡40

ተገኘ። ዓመቱ በእኛ 2017 ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ለእሱ አሁን 2025 ነው። ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስደሽዋል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አለው። ማሽንሽ 2017 ላይ ቆሞ ሲያየው ወረቀቱ ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ አላምነውም ይላል። በዚህ ብዙ ሰው ተቸግሯል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥም አይቻለሁ። ዓመቱን 2025 አድርጊው። ሰዓት ማዘርቦርዱ ላይ የሚጠፋው ደግሞ ክቧ ባትሪ ስላለቀች ነው። ሲ አር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ የሰዓት ባትሪ የሚሸጡ ሁሉ አላቸው። እሷን ቀይሪ፣ ጠዋት ጠዋት ማስተካከሉ ይቀራል።

የማታውን እኔም በራሴ ላይ ስላየሁት በደንብ አውቀዋለሁ። ዶንግሉና ሃርድ ዲስኩ ጎን ለጎን፣ ሰማያዊዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ናቸው አይደል? ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው። መረጃ በፍጥነት ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ዋይፋይሽም የሚናገረው እዚያው ላይ ነው። ኢንቴል ራሱ በ2012 በጻፈው ጥናት አሳይቶታል። ዶንግሉ ከጫጫታው ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ከቆርቆሮ ጀርባ ያለ ራውተር ሊሰማ ይሞክራል። አስቢው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆመሽ ማዶ ያለ ሰው እንደማነጋገር ነው።

አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ግዢ። ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ስኪው፣ እሱ ዩኤስቢ 2 ነው። ዶንግሉን ጫፉ ላይ አድርገሽ ከቆርቆሮው በላይ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺው።


ሽቦ ይሻላል
እሑድ፣ ግንቦት 17፣ ቀን 7፡20

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አከራይዋ ከፈቀዱላት ኬብል ይዘርጋ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ለሥራ ቤት ዋይፋይ ላይ መንጠልጠል አልወድም።


የኬብል ልጅ
እሑድ፣ ግንቦት 17፣ ቀን 8፡00

ስሜ ይመስክር፣ በኬብል አልከራከርም። ግን የሰው ቤት ግድግዳ መብሳት ፈቃድ ይፈልጋል። ማራዘሚያ ገመዱን ዛሬውኑ ትገዛዋለች። መጀመሪያ እሱ ይሞከር።


ጸሐፊዋ ከደብረ ብርሃን
ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ ማታ 2፡00

ከጻፍኩላችሁ አንድ ሳምንት ሆነ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ድርግም ማለት ቀርቷል። ሰማያዊ ስክሪን ቀርቷል። ምትኩ ራም ሐሙስ መጣልኝ፤ ሌሊቱን ፈተንኩት፣ ስህተቱ 0። አሁን 8 ጊጋ ነው። ባትሪዋን ቀየርኩ። ዓመቱን 2025 አደረግሁ። ሰዓቱ ነቅዬው ባድርም ጠዋት ልክ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ዶንግሉን በማራዘሚያ ገመድ ከቆርቆሮው በላይ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ትናንት ማታ 12 ጊጋ ስገለብጥ ፒንጉን ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ጊዜም አልተቋረጠም። አከራዬን ስለ ኬብሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ "ከክረምት በኋላ ቆርቆሮውን በብሎኬት ስንቀይር አብሮ ይዘረጋል" ብለውኛል።

አልከፈትም ካሉት ሁለቱ ጽሑፎች አንዱ ከባለቤቱ ኢሜይል ላይ ተገኘ። ሌላውን ከታተመው ቅጂ እያየን ደግመን ጻፍነው፣ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ደርሷል።

ቀጥ ብሎ የቆመበት አንዱ ጊዜ ግን ምክንያቱ አልገባኝም። ከራሙ በኋላ አልተደገመም። ደብተሩን አልዘጋሁትም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል ጋሼ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ልገዛ ነው። ፕሪንተሩንም እሱ ላይ ላድርገው?


የድሮ ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ ማታ 2፡25

በፍጹም። ፊውዘሩ ዩፒኤሱንም ይጥለዋል። ዩፒኤሱ ላይ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ሳጥን) እና ሞኒተሩ ብቻ። ውጭ ሃርድ ዲስኩ ከሲፒዩው ነው ኃይል የሚወስደው፣ እሱ አያሳስብሽ። ቦታ ከተረፈ አከራይሽን ጠይቂና ራውተሩንም አብረሽ ስኪላቸው፤ መብራት ሲሄድ የጀመርሽውን ፋይል ልከሽ ትጨርሻለሽ።